ቢጫ አናቶቹ የጠፉበት ነሐሴ

ኦይቫ ጥፋተኛውን ካወቀው ሰንብቷል። የቀረው መቅጣቱ ብቻ ነበር።

ሐይቁ ዳር ወዳለችው የእንጨት ቤቱ በየበጋው እየመጣ ወፍ መመዝገብ ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል። ከሁሉም የሚወደው ቢጫ አናቷን ነው፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ጥድ ውስጥ ተሸሽጋ የምትውል፣ በቀጭን ፉጨቷ ብቻ የምትታወቅ ወፍ። የካቻምናው ገጽ በእሷ ስም ሞልቷል። ሚስቱ ሂልካ አጠገቡ ተቀምጣ ወፏ ባፏጨች ቁጥር በክርኗ ጎሰም ታደርገው ነበር፣ እሱ ይጽፋል።

አምና ሂልካ ታማ አልመጡም። ዘንድሮ ቀብሯት ከሄልሲንኪ ብቻውን መጣ። ነሐሴ ተጋምሷል፣ ገጹ ግን ባዶ። አዬ ጉድ! ሚስትም ወፍም በአንድ ዓመት።

የቀሩት ትልልቆቹ ናቸው። ሽመላው ረግረጉ ላይ ይጮኻል፣ ቁራውም እንደ ድሮው ነው። ይሄ ነው ነገሩን ቁልጭ ያደረገለት። ሽመላ ለድመት አይቀመስማ! ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ሳይሚ ደግሞ አምና ነው ሚሪ የሚባል ግራጫ ድመት ያመጣችው።

«ድመትሽን እሰሪ» አላት ጀልባ ማሰሪያው ላይ ሲገናኙ።

«ሚሪ? ጥርስ እንኳ የለውም እኮ፣ በሾርባ ነው የማኖረው! ይልቅ አንተ ሬዲዮህን ቀንስ። ዜናውን እኔ ቤት ሆኜ ነው የምሰማው።»

«አሁን ሬዲዮን ምን አመጣው? ጫካው ባዶ ሆኗል እያልኩሽ! ቢምቢ እንኳ ዝር አላለም» አለ፣ ያበጠ አንገቱን እያከከ።

«ተው ኦይቫ፣ በሚሪ አትምጣብኝ። ከሱ ሌላ ማን አለኝ?»

እያጉረመረመ ተመለሰ። ሲፈላ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያ ውሃው አልቆ ቂጡ አሮ ጠበቀው። በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛው ነው።

«የዛሬ ዕቃ!» ብሎ ወረወረው።

የዳክዬ አደን በሚከፈትበት ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሐይቁ ዙሪያ ተኩስ በተኩስ ይሆናል። ኦይቫ ያን ቀን አይወደውም ነበር። ዘንድሮ ግን ቀን ቆጥሮ ጠበቀው። በዚያ ሰዓት አንድ ጥይት ቢጨመር ማን ይጠይቃል?

ሚሪ የኦይቫ ደረጃ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሰውየው አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ እንኳ አልሸሸም፤ ጅራቱን ብቻ አነሳ።

ኦይቫ አነጣጠረ። «ለነሱ ብዬ ነው» አለና ተኮሰ። ከሳውናው ጀርባ ቀበረው።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። የሚጻፍ አላገኘም። በአንድ ቀን መቼ ይመለሳሉ ብሎ ራሱን አጽናና።

ሳይሚ የሾርባ ሳህን እንደያዘች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሚሪን አላየኸውም?»

«አላየሁም» አለ፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።

«ሌሊቱን አልገባም። ከነጋ ጀምሮ እየዞርኩ እጣራለሁ።» አጠገቡ ቁጭ ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ጥዱ ጫፍ አንጋጠጠች።

«እነዚህ ቢጫ አናቶችህ ደግሞ ፉጨታቸው አላባራ አለ፤ ሚሪዬ ድምፅ ቢያሰማስ በምን ልስማው?»