ለአያልነህ አንድ ዙር

የሐይቁ ዳር ጫካ ይረፍ ተብሎ መሬቱን በእግር መርገጥ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሽቅብ ቁልቁል በሚጠማዘዘው ቀጭን መንገድ የሚያልፈው ብስክሌት ብቻ ነው፤ መቆምም የለም። የእትዬ ይታይሽ ባል አያልነህ ደግሞ የተቀበረው እዚያው፣ ከዋንዛው ሥር ነው። ስለዚህ በብስክሌቷ እየዞረች፣ ባለፈች ቁጥር ወሬዋን ታደርስለታለች፤ ላሟ መውለዷን በአንዱ ዙር፣ የጥጃዋን መልክ በሌላው።

ዛሬ ሁለት ዙር ሄዳ መግቢያው ላይ ስትደርስ ላብ አጥምቋት እጀታው ላይ ተደፋች።

«እትዬ፣ ይብቃዎት» አላት ጥበቃው አንለይ። «የቀረውን ነገ ይነግሩታል።»

«ነገማ የለም፤ ጉልበቴ አልቋል። አሁን ‹ከእንግዲህ አልመጣም› ብዬው አለፍኩ» አለችና ፔዳሉን ረገጠች። «ምክንያቱን ሳልነግረው ከቀረሁ ያኮርፋል።»