አቶ ገብረጻድቃን ከሰማይ ያዩት ቤት

አቶ ገብረጻድቃን ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው፣ ቂርቆስ ቤታቸው ቁጭ ሲሉ በድንገት ሊቅ ሆነው ተገኙ። ስለ ዶላር ይናገራሉ፣ ስለ ልብ ሕመም ይናገራሉ። መሐል ላይ የገባባቸውን «ቆይ፣ አታቋርጠኝ!» ይሉታል። እሳቸው ያላቋረጡት ሰው ግን ቂርቆስ ውስጥ አይገኝም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያቋርጡት አንድ ልጃቸውን እጸገነትን ነው። እጸገነት ሠላሳ ዓመቷ ነው። ሳተላይት ያነሳውን ምስል እያየች የት ሰብል እንደደረቀ፣ የት ጫካ እንደተመነጠረ ሪፖርት ታወጣለች። አባቷ ሥራዋን ለሰው ሲያስረዱ «ኮምፒውተር ትነካካለች» ነው የሚሉት።

በጥቅምት ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌዎቹን የመሩት የአርባ ዓመት ወዳጃቸው፣ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሃድጉ ነበሩ። ልጁ ታዲዎስ ይባላል። ጎማ አስመጪ ነው፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቷል። አቶ ገብረጻድቃን ፎቅ የሚለውን ሲሰሙ ልባቸው ወደደ፤ ቢሆንም እንደ ወጉ «እንጠያይቅ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

መቼም ሰው ናቸውና አንድ የእውነት ፍርሃት ነበራቸው። ታናሽ እህታቸውን ያገባት ሰው የተከራየውን ቤት «የራሴ ነው» ብሎ ያሳየ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አለቀሰች። አንድ ልጃቸውም እንደዚያው እንዳትታለል እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ።

እጸገነት አንድ ቀን «አባባ፣ ማለቴ፣ እኔ ስለ ልጁ...» ብላ ጀምራ ነበር። ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ ነው ብለው አቋረጧት። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ስልካቸውን ተቀበለች። ቤቱን ከሳተላይት ማየት እንደሚቻል ነግራ ካርታውን ከፈተችላቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ከላይ አዩት። የራሳቸውን ቤት ቆርቆሮም አዩ። ሰማያዊ ታክሲ በራቸውን ዘግታ ቆማ ሲያዩ ከዘራቸውን ይዘው ለቁጣ ወጡ፤ ደጁ ላይ ማንም የለም። «አየኝና ፈረጠጠ» እያሉ ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ሳተላይት የማይተኛ፣ የማይዋሽና ጉቦ የማይበላ ዘበኛ መሆኑን ያስተምሩ ጀመር።

ወደ ጎተራ የመራቻቸው እጸገነት ናት። በጣቷ እያሰፋች ሽማግሌዎቹ የነገሯቸውን ቅያስ አሳየቻቸው፣ ከጥጉ ሦስተኛው ቦታ ላይ አቆመችላቸው። ቤት የለም። ባዶ መሬትና አንድ ክምር ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። ከቂርቆስ ጎተራ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ግን ሳተላይት በእጁ የያዘ ሰው ምን በወጣው ጫማ ይጨርሳል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። አቶ ገብረጻድቃን አላቋረጧቸውም፤ ይህ ብቻውን ሊያስደነግጣቸው በተገባ ነበር። ተናግረው ሲጨርሱ ስልኩን አቶ ሃድጉ ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ፎቁ የቱ ጋ ነው? አሳየኝ።»

አቶ ሃድጉ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። «ገብረጻድቃን፣ እኔ እኮ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምሳ በልቻለሁ» አሉ።

«አንተ ምሳ በላህ። እኔ ደግሞ ከሰማይ አየሁ። ታዲያ ማንን እንመን?»

ቀጥለውም ታዲዎስን አጭበርባሪ፣ ሽማግሌዎቹንም የምሳ ምስክር አሏቸው። አቶ ሃድጉ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። እጸገነት ከጓዳው በር ኋላ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አባቷ አዩ፤ ልጄን ከጅብ አፍ አወጣኋት ብለው አንጀታቸው ራሰ። አርባ ዓመት ሙሉ ወዳጃቸው የነበረ ሰው ግን ከዚያን ቀን ወዲያ በመንገድ ሲያያቸው ይሻገር ጀመር።

በጥር አንድ የድሮ ባልደረባቸው ሞቶ ለቅሶው ጎተራ ሆነ። ከድንኳኑ ሲወጡ፣ መቼም ሰው ሲሳለቅበት የኖረውን ማየት ይወዳልና፣ ባዶውን መሬት ሊያዩ ወደ ቅያሱ ታጠፉ። ከጥጉ ሦስተኛው ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቆሟል። ስልካቸውን አውጥተው አዩ፤ ስልኩ ላይ ባዶ መሬት ነው። ለአፍታ ያመኑት ስልኩን ነበር።

በር ላይ የተቀመጠው ጥበቃ የታዲዎስ ቤት ከተሠራ አምስት ዓመቱ እንደሆነ ነገራቸው። ስልኩንም አጎንብሶ አየና ሳቁን ዋጠ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የድሮ ፎቶ ነው። ሳተላይት ዛሬ ያነሳውን ዛሬ የሚያወጣልዎት መሰለዎት?»

አቶ ገብረጻድቃን እስከ ቂርቆስ በእግራቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለ እፍረት በሰባ ዓመታቸው ደርሶባቸው አያውቅም። እጸገነትን ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ትዳርሽን በገዛ እጄ አፈረስኩት። ልጁ እስካሁን አላገባም አሉ። ነገ ድንጋይ ተሸክሜ ሃድጉ እግር ላይ እወድቃለሁ፣ ታዲዎስንም ለምኜ እመልስልሻለሁ።»

ይህን ብለው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጃቸው የምትለውን ሊሰሙ ዝም አሉ።

«አይሂዱ አባባ፤ ምስሉ አሮጌ መሆኑን እኮ ገና ሳልከፍትልዎት አውቅ ነበር» አለች።