ድምጿን አሰማኝ

«ወፍጮ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?» ይላል በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

ሻጩ ደንግጦ ሞተሩን ያጠፋል። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ መኪናዋን እዚያው መሸጫ አዳራሹ ውስጥ አስነሳት፤ መስታወቱና ጣሪያው እየተቀባበሉ አስጓሯት።

ወረርሽኙ ሰዉን ቤቱ ከከተተው ወዲህ ይህን ደጃፍ የረገጠ ገዢ የለም። የተፈቀደው በስልክ ሸጦ ማድረስ ብቻ ነው። የዛሬው ደንበኛ ደግሞ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር፤ በጆሮው ካልሰማ አይገዛም፤ ፎቶ አያታልለውም።

«በስልክ እንኳን መኪና ጎመንም አይሸጥ» ይላል የሻጩ አጎት፣ የአዳራሹን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ይቺም ካልሄደች ቁልፉን ማታውኑ ለአከራዩ ሊያስረክብ ቆርጧል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ውጪ ገፋ ያድርጉልኝ። ሰውዬው ደግሞ ወፍጮ እንዳይሰማ።»

«በስተርጅና ገፊ አደረግኸኝ!» ይላል አጎቱ። ትከሻውን ግን ይሰጣል።

ውጪ፣ ሰፊው አስፋልት ላይ ውልብ የሚል ነገር የለም። ደረቅ ቅጠል መሃል መንገዱን ይዞ ተኝቷል።

ያስነሳታል።

ስንት ዓመት «ድምጿ አይሰማም» እያለ ሲሸጥ ኖሯል፤ እውነትም ሰምቷት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሃል ማን ይሰማል? አሁን ይሰማታል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ትንፋሽ ትመስላለች።

ከላይ አንድ መስኮት ይከፈታል። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ፎቁ በሙሉ። ቢጃማ የለበሰ ጎልማሳ፣ ሊጥ የነካ እጇን አየር ላይ የረሳች ሴት፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተፈናጠጠ ልጅ። የሚያዩት ያንኑ በጩኸቱ ጠዋት ማታ ሲረግሙት የኖሩትን መኪና ነው።

«አባባ፣ አሉ?» ይላል ሻጩ፣ ስልኩን ከሞተሩ መክደኛ አንስቶ።

ሰውዬው ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «አታጥፋት ልጄ። ገዝቻታለሁ። እንዲሁ እንዳለች ይዘህልኝ ና።»

አጎቱ ቁልፉን ኪሱ ይከትና ባርኔጣውን ያወልቃል። ለማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ሻጩ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ቅጠሉ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ መብራቱ ቀይ ነው። ግራ ቀኙን ያያል፤ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ አንድ ነፍስ የለም።

ይቆማል። መስኮቶቹ ሁሉ አብረውት አረንጓዴውን ይጠብቃሉ።