የተረሳው ሩር መቺ

ቀብሩ ያመለጠው ሰውዬ በቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ዘው አለና ካርታ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች ጎን ተቀመጠ። እንደ ብዙው ለቀስተኛ እነሱም ለሟች ልጅ ሲሉ የመጡ ናቸው።

"ሟቹ ተረስቶ ቀረ እኮ!" አለ በቁጭት። "የገና ጨዋታ ላይ እንደ እሱ ሩሯን በዱላ የመታ በዚህ አገር አልነበረም።"

"ኧረ ተው፣ ደምሰው ይበልጠዋል" አለ አንዱ።

"ደምሰው? ደምሰው ከሩሯ ይልቅ እግር ነበር የሚመታው! የሟቹ ሩር ግን ከወንዙ ማዶ ነበር የምትወርደው።"

"እውነቱን ነው" አለ ሌላው ሱሪውን ሰብስቦ ቅልጥሙን እያሳየ። "ይቺ ጠባሳ የእሱ ዱላ ናት። ነፍሱን ይማር!"

የደምሰው ደጋፊም ተረታ። "ለነገሩ እኔም አብሬው ተጫውቻለሁ። የሚገባውን ስም አላገኘም" አለ። የሰውየው ደስታ እንባ ሆኖ መጣ።

ይሄኔ አልቃሾች የሟችን ፎቶ ከፍ አድርገው ከቤት ወጡ። ፎቶው ላይ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ፈገግ ብለዋል።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ ከመንገዱ ማዶ የተተከለውን ሌላ ድንኳን አየ።

ባለጠባሳው ሱሪውን ቀስ ብሎ አወረደ።

"ቢሆንም" አለ፣ "እማማ ሲመቱ ለጉድ ነበር።"