የማዕዘኑ መቃብር

ሕንጻ ሠሪዎች መሠረት ከመጣላቸው በፊት፣ መሬቱ ውስጥ ጥንታዊ ነገር መኖር አለመኖሩን ቆፍረው የሚያጣሩላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሷና ጋሼ። ጋሼ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው። አባቷ የሞተ ጊዜ እንደ አባት የቆሙላት፣ አካፋ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አርብ ከሰዓት በኋላ በግቢው ማዕዘን የድንጋይ ክዳን ያለው መቃብር አገኙ። ሸራ አልብሰው ለሰኞ ይደር አሉ። ሰኞ ጠዋት ክዳኑን ሲያነሡት ውስጡ የላላ አፈር ብቻ ነበር። የሆነ ሰው ቀድሟቸዋል።

ቅዳሜና እሁድ ግቢው ውስጥ ያደረው ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛው ደግሞ የአክስቷ ልጅ ነው። ሦስት ልጆች ይዞ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ለምና ያስቀጠረችው፣ ተያዥ ሆና የፈረመችለትም እሷ ናት።

ጠየቀችው።

«በልጆቼ እምላለሁ፣ ከእናንተ ከባለሥራዎቹ በቀር ዝንብ አልገባም» አላት።

በልጁ የማይምል ሌባ የት አለ ብላ ፊቷን አዞረችበት። ያጎረሰ እጇን ነበር የነከሳት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ልጄ» ብለው አጽናኗት ጋሼ። ሪፖርቱ ላይ የዘበኛውን ስም ጽፋ ለፖሊስ እንድትሰጥ፣ መቃብሩም ባዶ ስለሆነ ሳይመሽ እንዲደፈን ነገሯት። ሲሚንቶው ነገ ይመጣል።

ሌባው የቆፈረውን በወጉ ለካች። ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ የመለሰው አፈር ተነፍቶ አንድ ጠጠር አልቀረበትም። አክስቷ ይሄን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምራ እጀ ሰባራ እያለች ስትረግመው ኖራለች። ለስርቆት ሲሆን እጁ ይሠራል ለካ!

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ዘበኛውን በር ላይ አስቀመጡት። የቀረው የእሷ ፊርማ ነው። ከፈረመች ይታሰራል፤ ልጆቹ የት ይውደቁ ብላ አክስቷ ትጠይቃታለች። ቢሆንም ትፈርማለች። ክሱ እንከን እንዳይወጣለት ብቻ መቃብሩን እስከ ወለሉ ልጥረገው ብላ ወረደች።

«ባዶ ነው አልኩሽ እኮ፣ ምን ያደክምሻል?» አሉ ጋሼ ከላይ ሆነው።

«ልጨርሰው ጋሼ» አለች።

ወለሉ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ በላስቲክ የተቋጠረ የዘንድሮ ሳንቲም ተቀምጧል።

አንደኛው ፖሊስ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ከኪሱ ወድቆበት ነው፤ ጥሩ ማስረጃ ነው» አላት።

እሷ ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው፤ እሳቸው ሳንቲሙን እያዩ ነበር።

የጨረሱትን ጉድጓድ ከመድፈን በፊት፣ የኋላ ሰው ቦታው መቆፈሩን እንዲያውቅ የዓመቱን ሳንቲም በላስቲክ ቋጥሮ መሀሉ ላይ መተውን፣ ከሙያው ሁሉ አስቀድመው ያስተማሯት ጋሼ ነበሩ።