የደህንነት ጫማ

በሠልስቱ ዕለት ፎርማኑ ለሟች ሚስት ምሥራች ይዞ መጣ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ካሳው ጸድቋል» አላት። «ኢንሹራንሱ ይከፍላል።»

ባሏ ለሳኝ ነበር፤ ከአራተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ነው የወደቀው። በዚያ ሳይት ሄልሜትና የደህንነት ጫማ ከስቶር የሚወጡት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው።

«ባዶ ራሱን ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ብለው ሰባራ ሳንቲም አይሰጡሽም ነበር» አለ ፎርማኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ ግን የአንቺና የልጆቹ ነገር አሳሰበን። ስቶር ኪፐሩ ቁልፉን ይዞ ምሳ ወጥቷል። የሰፈሩን ምግብ ቤት ሁሉ አዳርሰን አገኘነው። ሄልሜቱንም ጫማውንም አድርገንለት ነው ሐኪም ቤት የወሰድነው። ማን ያውቃል?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የወንድም ሥራ ነው የሠራችሁት» አለች ሴትየዋ። ነጠላዋን አስተካከለች። «እግሩ እኮ ትልቅ ነበር። ልኩ ጫማ ተገኘ?» ስትል ጠየቀችው።

«ከየት ተገኝቶ» አለ ፎርማኑ። «‹ጠበበኝ› ሲለን፣ ‹ቻለው፣ ለልጆችህ ነው› አልነው።»