ኮሌጅ የገባው ልጅ

ያን ቀን ልጁ በሩን በርግዶ ገባና አናጢው አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«አባዬ! ነጻ የትምህርት ዕድል ቤታችን ገባ! በውጤት!»

መንታ እህቱ ከኋላው ቆማ ታለቅስ ነበር። አናጢው ቅናት መሰለው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አላት። «አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ኮሌጅ ወንዱ ይሄዳል። አንቺ ሙያ ልመጂና በጊዜ ትዳር ያዢ።»

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሥራ ለመልመድ ገባች።

ዕድሉ የትምህርቱን ክፍያ ቢሸፍንም ምሳ፣ መጓጓዣና መጽሐፍ ቀርተዋል። ልጁ ዕቃ የማድረስ የትርፍ ሰዓት ሥራ ያዘ። አባትም ሆዱን አሰረ። ስኳር ቀረ፣ ጫማ መለወጥ ቀረ፣ ሦስቱም አንድ አምፖል ሥር ማምሸት ጀመሩ። ልጁ መጽሐፉ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው እህቱ ቀስ ብላ ከእጁ ታወጣለታለች።

«ዶክተሬ፣ ፊትህ እኮ ከሰል መሰለ፣» ይለዋል አባቱ። «ትምህርት ለካ ከድንጋይ ፈለጣ ይብሳል!»

አንድ ቀን ባለሱቋ አናጢውን ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅዎን ጠዋት ጠዋት አንድ ባለሞተር ከመታጠፊያው ይወስዳታል። ሄልሜቱን አውልቆ አያውቅም። ደግ ሰው ፊቱን ይደብቃል?»

አናጢው መጋዙን ጥሎ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገሰገሰ።

«እሷማ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እኮ ነው የምትመጣው፣» አለ ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል።

ማታ ልጅቷን «ሥራ እንዴት ዋለ?» አላት።

«ደህና ነው አባዬ።» ዓይኗን አላነሳችም። ጣቷ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አየ። ደብዳቤም ይጻጻፋሉ ማለት ነው፣ አለ በሆዱ።

ልጁን ወደ ደጅ ጠራው።

«እህትህን በሞተር የሚያመላልሳት ሰው አለ። ታውቃለህ?»

ልጁን ምራቁ ትን አለው።

«እሷን ተዋት አባዬ። እኔ አለሁላት።»

ገመናዋን እየሸፈነላት ነው! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ማለት ይኸው፣ እያለ አናጢው ሲገላበጥ አደረ። በአንድ ቀን የተወለዱ፣ አንዱ ቤት ሲያቀና አንዷ ታፈርሳለች።

በማግስቱ ልጁ እንደልማዱ ቀድሞ ወጣ። ልጅቷ ተከተለች። አናጢው እንጨት የሚያመላልስለትን ሹፌር ለምኖ መኪናው ውስጥ አድፍጧል። ሞተሩ መጣ። ልጅቷ ዙሪያዋን ቃኝታ ከኋላ ወጣች።

ሞተሩ የቆመው ኮሌጁ በር ላይ ነው።

«ጭራሽ ወንድሟ በሚማርበት ግቢ!» አለ አናጢው። ደሙ ፈላ።

ባለሞተሩ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ሰጣት፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፣ እሷም እየሮጠች ገባች። ሁለቱን አንድ ላይ ልያዛቸው ብሎ አናጢው ጠበቀ። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም። ሰውየውም አልሄደም። ሞተሩን ተደግፎ የግቢውን መስኮቶች ሽቅብ ያያል።

አናጢው ትዕግስቱ አለቀ። ከመኪናው ዘሎ ወረደና የባለሞተሩን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ።

«የሰው ልጅ አባላጊ! ወንድም የሌላት መሰለህ? እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ያለው! አስጠራዋለሁ! ዛሬ በእጁ ነው የምትገባው!»

ዘበኛው ወጣ። መንገደኛው ተሰበሰበ። ባለሞተሩ አልታገለም። በሁለት እጁ ሄልሜቱን ቀስ አድርጎ አወለቀው።

«አባዬ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ድምፅህን ቀንስ፤ ፈተና ላይ ናት።»